መልስ፦ የናቫሳ ደሴት የመብራት ማማ ለምን ጨለመ?

«ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ይህን የሚያህል ማማ ለምን ተሠራ? ከተሠራስ በኋላ ለምን አጠፉት? ሄዶ ማየትስ ይቻላል?» ብለው ለጠየቁት፦

ማማው የቆመው ለደሴቲቱ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው መርከብ ነው። ናቫሳ የምትገኘው በሄይቲና በጃማይካ መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ነው። የፓናማ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲከፈት በዚያ በኩል የሚመላለሰው መርከብ በዛ፤ በድቅድቅ ጨለማ ከኖራ ድንጋይ ገደል ጋር መላተም ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው። አሜሪካውያን በ1917 ማማውን አቆሙ። አንድ ጠባቂና ሁለት ረዳቶች እዚያው እየኖሩ መብራቱን ይንከባከቡ ነበር። ወንዝ በሌለባት ደሴት፣ ከሦስት ሰው ሌላ ድምፅ ሳይሰሙ! እኔ አንድ ሳምንት የምቆይ አይመስለኝም። በ1929 መብራቱ በራሱ የሚሠራ ሆነና ጠባቂዎቹ ወጡ።

የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጥበቃ በ1996 ጭራሹን አጠፋው፤ አያስፈልግም ተባለ። በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ሳተላይት ነው። ካፒቴኑ ያለበትን ቦታ ከፊቱ ካለው ስክሪን ላይ ካነበበ፣ አድማስ ላይ ብልጭታ የሚፈልግበት ምክንያት የለም።

ጉብኝቱን ግን ይርሱት። ከ1999 ጀምሮ ደሴቲቱ የዱር እንስሳት መጠለያ ስለሆነች ያለ ፈቃድ አይገባም። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ወደብ የላትም፤ ዙሪያዋን ከ9 እስከ 15 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ ገደል ነው። ሄይቲም የእኔ ናት ማለቷን እስከ ዛሬ አልተወችም።