ለሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀረኝ፤ ከድግሱ ይልቅ ሌሊቱ አስፈራኝ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 32 ነው። ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ እስካሁን ሴት አላውቅም። እጮኛዬ 28 ዓመቷ ነው፤ እሷም እንደኔው ናት። ከፋሲካ በኋላ በተክሊል ልንጋባ ነው። እውነቱን ልንገርዎትና ፍርሃት ይዞኛል። ዕድሜዬን ሙሉ «ርኩሰት ነው» ስባል ኖሬ፣ በአንድ ቀን እንዴት ቅዱስ ይሆንልኛል? ጓደኞቼ «ፊልም አይተህ ተማር» ይሉኛል። እሷ ደግሞ ያማል ሲባል ሰምታ ትሰጋለች። አክስቶቿም ደሙን ይጠብቃሉ። በመንፈስም በአካልም እንዴት ልዘጋጅ? ከዚያ በኋላስ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መግባት እንችላለን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ደግሞ እንኳን ጠየቅህ። እኔ ላገባ ስል አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም። ሚዜዎቼ ቀለዱብኝ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ዝናቡ አወራ። አበቃ፣ ትምህርቱ ያ ነበር።

«ርኩሰት» ብሎ ያስተማረህ ሰው ግማሹን ነው የነገረህ። ጥፋቱም የኛ የመምህራኑ ነው። ልጆችን አሥራ አምስት ዓመት «አትንኩ» እንላለን፤ ሲያገቡ ግን ዝም። ርኩሰቱ ዝሙት ነው፤ ሩካቤ፣ ማለትም የባልና ሚስት ግንኙነት፣ በራሱ አይደለም። ዘፍጥረትን ክፈትና ቅደም ተከተሉን እይ። «ብዙ ተባዙ» የሚለው ቃል ምዕራፍ 1 ላይ ነው፣ አዳምና ሔዋን ዕራቁታቸውን ሆነው እንደማይተፋፈሩ የተጻፈው ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ነው፣ ኃጢአት የመጣው ደግሞ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። ሐዋርያውም «መኝታውም ንጹሕ ይሁን» ያለው ስለ ባልና ሚስት መኝታ ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ጋብቻ ሲያስተምር ሰዎቹ እንዳፈሩ አይቶ፣ በክቡር ነገር ለምን ታፍራላችሁ ብሎ ወቅሷቸዋል። ያኔም ያው ነበር ማለት ነው።

ይህን ማወቅህ ግን ፍርሃቱን ወዲያው አያጠፋውም። ሃያ ዓመት የተዘጋ በር ካህኑ አክሊል ስለጫኑልህ ብቻ ወለል ብሎ አይከፈትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ኃጢአት እየሠራሁ ይሆን?» የሚል ስሜት ድንገት ሊመጣብህ ይችላል። ልማድ ነው፣ ቀስ ብሎ ይለቅሃል። ካልለቀቀህ ንስሐ አባትህን አዋያቸው። እስከዚያው መጽሐፈ ጦቢትን አንብብ፣ ምዕራፍ 8ን። ሣራ የምትባል ሴት ያገቧት ሰባት ባሎች በሠርጋቸው ሌሊት ሞተዋል። ጦብያ ስምንተኛው ነው። አማቱ ይኸኛውም መሞቱ አይቀርም ብለው ውጭ መቃብር ያስቆፍራሉ! አንተን የሚጠብቁህ አክስቶች ብቻ ናቸውና ተመስገን በል። ጦብያ ታዲያ በሩ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ምንድነው? ሙሽራዪቱን «እኅቴ» ብሎ ጠርቶ፣ ተነሺ እንጸልይ አላት። ሁለቱም ቆመው ጸለዩ። እኔ ይህን ክፍል በጣም ነው የምወደው። አልቸኮለም፣ አላስፈራራትም፣ እኅቴ አላት። ቆማችሁ አባታችን ሆይ በሉ፣ ምርቃትና ምስጋና ጨምሩበት። የሁለታችሁ ድምፅ አብሮ ሲሰማ ድንጋጤው ራሱ ይቀንሳል።

ፊልሙን ተው። ኃጢአትነቱን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። ግን እንደ ትምህርትም ውሸት ነው። እዚያ የሚታየው ለካሜራ የተሠራ ትወና ነው። ቸኩሎ፣ ጉልበት አሳይቶ፣ ሴቲቱን ሳይጠይቁ። ያንን አይቶ ሚስቱ ጋ የሚገባ ሰው የተማረው ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ከሠርጉ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ በሉና አውሩ። ሻይ ቤት ይሁን፣ ቤተሰብ ቤት በረንዳ ላይ ይሁን፣ ብቻ ሌሊቱ ሳይደርስ። ምን ያስፈራሻል በላት። አንተም የሚያስፈራህን ንገራት። ወንድ አልፈራም ማለት አለበት ያለው ማነው? ሁለት ፈሪዎች ከተነጋገሩ ግማሹ ነገር ያልቃል። ሌላም አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሀገር አቀፍ የጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ናቸው። እጮኛህ አንዷ ልትሆን ትችላለች፣ ላትሆንም ትችላለች። እሷ ከነገረችህ በትዕግሥት ስማት፤ አንተ ግን እንደ መርማሪ አትጠይቃት። ጠባሳ ሕመም ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድማ የማሕፀን ሐኪም ብታይ መልካም ነው። ለጋብቻ የኤች አይ ቪ ምርመራ ስትሄዱ የቀረውንም ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁ። መቼ መውለድ እንደምትፈልጉም እግረ መንገዳችሁን አንሡት፤ እሱን ከንስሐ አባታችሁም ጋር ምከሩበት።

ስለ ሕመሙ። ብዙ ጊዜ ሕመም የሚያመጣው ፍርሃትና ጥድፊያ ነው። ሰው ሲፈራ ጡንቻው ይጨመደዳል፣ ሰውነቱም ይደርቃል፤ በዚያ ላይ ሲቸኮል ያማል። ስለዚህ ጊዜ ስጡት። ተቃቀፉ፣ ተሳሳሙ፣ አውሩ፣ ሳቁ። ሰውነቷ ሲዘጋጅ ራሱ ይለሰልሳል። ካልበቃ ፋርማሲ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ውኃማ ማለስለሻ አለ፤ አትፈር ግዛ። ቫዝሊን ግን ለከንፈርህ ነው፣ እዚያ አይሆንም። «ቆይ» ካለችህ ቁም። «አመመኝ» ካለችህ ቁም። አኩርፈህ ጀርባህን አትስጣት። «ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን የላትም» የሚለውን ጥቅስ ለማስገደጃ የሚጠቅሱ አሉ፤ ቀጥሎ ያለውን አላነበቡም። ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም ይላል! በአንዳንድ አካባቢ ሙሽራዪቱ መታገል አለባት፣ ሙሽራውም ማሸነፍ አለበት የሚባል ልማድ ነበር። ሥርዓተ ተክሊሉን ከዳር እስከ ዳር ብታነበው እንዲህ የሚል አታገኝም። በጊዜ የማይቀንስ ሕመም ካለም ሐኪም የሚረዳው ነገር ነውና ዝም ብላችሁ አትቻሉት።

አንተም ላይ ሊደርስ የሚችል አለ። በጭንቀት ሰውነትህ እምቢ ሊልህ ይችላል፤ ወይ ደግሞ ነገሩ ገና ከመጀመሩ ያልቃል። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። ድግምት አይደለም፣ መተትም አይደለም። ወደ ጠንቋይ ደጅ የሚሮጡትን ስለማውቅ ነው እንዲህ የምልህ። እንቅልፍ ተኛ፣ ነገ ሞክር። ከጨረሳችሁ በኋላ እሷ ሽንት ብትሸና ጥሩ ነው፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ለመከላከል ይረዳታል።

ደግሞ ማን ነው የሠርጉ ዕለት ማታ መሆን አለበት ያለው? በተክሊል የምትጋቡ ከሆነ ያን ቀን ትቆርባላችሁ። ከቆረባችሁ በኋላ መኝታ ለይታችሁ የምትቆዩባቸው ቀናት አሉ፤ ስንት እንደሆኑ ንስሐ አባታችሁ ይነግሯችኋል። ብዙ ሙሽሮች ይህን እንደ ቅጣት ያዩታል። እኔ እንደ ስጦታ ነው የማየው። ሌሊት ተነስታችሁ፣ ቅዳሴ ቆማችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስትነሱና ሰው ስትስሙ ውላችሁ፣ ማታ እግራችሁ አብጦ ምን ልትሆኑ ነው? ተኙ። መልሱም ይለፍ። በአንድ ጣሪያ ሥር መሆንን ተለማመዱ። ሠርጋችሁ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ላይ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም የጾም ነገር አያጣድፋችሁም።

አክስቶቹ ጋ ደረስን። «ብር አምባር ሰበረልዎ» ተብሎ እየተጨፈረ ጨርቅ የሚወጣበትን ልማድ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ ከልጆች ጋር አብሬ ጨፍሬያለሁም። ግን ስማኝ። ድንግል ሆነው ሳለ በመጀመሪያ ጊዜ ጨርሶ የማይደሙ ሴቶች ብዙ ናቸው። የድንግልና ስስ ሽፋን ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዷ ሲፈጥራት ሳሳ ያለ ነው፣ አንዳንዷ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. ድንግልናን በምርመራ ማወቅ እንደማይቻል ገልጸው እንዲህ ያለው ምርመራ እንዲቀር ጠይቀዋል። አክስቶቹ የድንግልናን ምልክት በጨርቅ ስለማሳየት የሚናገረውን ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ቢጠቅሱብህ፣ እኛ በኦሪት ፍርድ እንደማንዳኝ በትሕትና ንገራቸው፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ የሚስቱን ስም በሐሰት ያጠፋ ባል መቶ የብር ሰቅል እንደሚቀጣም ጨምርላቸው። ይህን ማድረግ ያለብህ አንተ ነህ፣ እሷ አይደለችም። ከሠርጉ በፊት አባቷን ወይም ታላቅ ወንድሟን ለብቻ ጠርተህ «ጨርቅ አናወጣም፤ ይህ የኔና የእሷ ነው» በል። ትንሽ ያጉረመርማሉ። ያልፋል።

የመጨረሻው ጥያቄህ። በተገናኛችሁበት ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገቡም። ኃጢአት ስለሠራችሁ አይደለም፤ ከኦሪት ጀምሮ የቆየ ለቤተ መቅደስ የሚሰጥ አክብሮት ነው። ሌሊት ከሆነ በነጋው ቀን ታጥባችሁ፣ አብራችሁ ሄዳችሁ ከቅጽሩ ውጭ ተሳለሙ። በሚቀጥለው ቀን ግቡ።