በ4.9 ውስጥ የተደበቁት አሃዶች፦ ለታንክ ዲዛይን ሥራ አመልካች የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂያችን፣ በሜካኒካል ምህንድስና ሊመረቁ ጥቂት ወራት እንደቀሩዎት፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንክ ዲዛይን በሚሠራ ቡድን ውስጥ ለጀማሪ መሐንዲስነት ተወዳድረው የጽሑፍ ፈተናውን እንዳላለፉ፣ ፈታኙም «ቀመሩን ያውቁታል፤ አሃዶቹን ግን አልጠበቋቸውም» እንዳሉዎት ጽፈውልናል። ይህ በእርግጥ ሥራ የሚያስከለክል ጉድለት ነውን፣ ከሁለት ወር በኋላ ላለው ድጋሚ ፈተናስ እንዴት ልዘጋጅ ብለው ጠይቀዋል።

ጉድለቱ ሥራ ያስከለክላል፤ ፈታኙም የፈረዱት በትክክል ይመስለኛል። ምክንያቱን ራሱ የታንኩ ስሌት ያስረዳል። በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት ኤ.ፒ.አይ. 650 የተባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ደረጃ የታንክ ግድግዳን ውፍረት የሚያሰላበትን ቀመር በሁለት መልክ ይሰጣል። በሜትሪኩ መልክ 4.9 በዲያሜትሩ፣ ከፈሳሹ ከፍታ 0.3 ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥርና በፈሳሹ አንጻራዊ እፍግታ (እፍግታው ከውሃ እፍግታ ጋር ሲነጻጸር) ይባዛል፤ ከዚያም ለብረቱ ለተፈቀደው ስትረስ (ብረቱ በእያንዳንዱ የስፋት አሃድ እንዲሸከም ለተፈቀደለት ኃይል) ይካፈልና የዝገት ማካካሻ፣ ማለትም ዝገት ለሚበላው የሚጨመር ውፍረት፣ ይደመርበታል። ርዝመቶቹ በሜትር፣ ስትረሱ በሜጋፓስካል ሲገቡ ውፍረቱ በሚሊሜትር ይወጣል። በጫማ፣ በፒ.ኤስ.አይ. (ፓውንድ በካሬ ኢንች) እና በኢንች ሲሠራ ግን 4.9 በ2.6፣ 0.3 ደግሞ በ1 ይተካሉ።

ብዙ ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ስም በቃሉ ይይዛቸዋል። እርስዎ ግን ከየት እንደመጡ በእጅዎ ያውጧቸው። አንድ ሜትር ውሃ የሚፈጥረው ግፊት 0.00981 ሜጋፓስካል ነው፤ ዲያሜትሩ ከሜትር ወደ ሚሊሜትር ሲለወጥ በ1000 ይባዛል፤ ግድግዳው ቀጭን የሆነ ሲሊንደር ቀመር ደግሞ ለ2 ያካፍላል፤ ውጤቱ 4.905 ነው። 2.6ም እንዲሁ የውሃ ክብደት የሆነው 62.4 ፓውንድ በኪዩቢክ ጫማ ለ144 (ካሬ ጫማ ወደ ካሬ ኢንች ሲለወጥ) ተካፍሎ፣ በ12 (ጫማ ወደ ኢንች ሲለወጥ) ተባዝቶና ለ2 ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ሰው 4.9 ራሱ አሃድ የተሸከመ ቁጥር መሆኑን ከእንግዲህ አይዘነጋም።

አሁን ዲያሜትሩ 20 ሜትር፣ የፈሳሹ ከፍታ 12 ሜትር፣ አንጻራዊ እፍግታው 0.85፣ የተፈቀደው ስትረስ 160 ሜጋፓስካል የሆነ ታንክ እንውሰድ። የታችኛው የላሜራ ረድፍ የዝገት ማካካሻው ሳይጨመር 6.09 ሚሊሜትር ይሆናል። ርዝመቶቹን በስህተት በጫማ ብናስገባ ወደ 67 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ይህን ያየ ማንም ሰው ይደነግጥና ስሌቱን ይመልሰዋል። የሚያሰጋኝ ሌላኛው ስህተት ነው። በሜትሪኩ ቀመር ውስጥ ከ0.3 ይልቅ 1 ቢቀነስ መልሱ 5.73 ይሆናል፤ ግድግዳው 6 በመቶ ያህል ሲሳሳ ቁጥሩ ግን ጤነኛ ይመስላል። የ1.5 ሚሊሜትር ማካካሻ ሲደመር ትክክለኛው 7.59፣ የተሳሳተው 7.23 ስለሚሆን፣ በሁለቱም መንገድ የሚታዘዘው ባለ 8 ሚሊሜትር ላሜራ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ስህተቱ በዚህ ታንክ ላይ ሳይታይ በኤክሴል ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ታንክ ይጠብቃል ማለት ነው። ፈታኝ የአሃድን ነገር አጥብቆ የሚመዝነው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ወጥመዶች በአጭሩ ልጥቀስ። የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ሲሆን የእንግሊዙ 4.546 ነው። በጌጅ የተነበበ ግፊት (ከከባቢ አየር ግፊት ተነሥቶ የሚለካው) እና ፍጹም ግፊት (ከባዶ ተነሥቶ የሚለካው) በ101 ኪሎፓስካል ያህል ይለያያሉ። የ30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ልዩነት 54 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ 86 የሚሆነው የሙቀት መጠን ሲለወጥ እንጂ ልዩነት ሲለወጥ አይደለም። ይህ የመጨረሻው በሥራ ላይ ያሉ መሐንዲሶችን ጭምር ያሳስታል።

ለዝግጅትዎ የምመክረው አንድ ልማድ ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ በሁለቱም ሥርዓቶች ለየብቻ ሠርተው መልሶቹን ያገናኙ። ከላይ ያለው ታንክ በጫማና በ23,200 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሠራ 0.24 ኢንች ያህል ይሰጣል፤ ይህም ያንኑ 6.09 ሚሊሜትር ነው። ካልተገናኙ ስህተቱን ሳያገኙ ወደ ቀጣዩ አይለፉ። በየመስመሩ አሃዱን ይጻፉ፤ የተሰጠው መረጃ አሃድ ከሌለው የወሰዱትን ግምት በግልጽ ያስፍሩ፣ በሥራ ላይ ከሆኑ ደግሞ መረጃውን የላከውን ሰው ይጠይቁ። የወደቁበትን ጥያቄም በዚሁ መንገድ እንደገና ሠርተው ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ ፈታኙ ስለ ቀደመው ውጤት ካነሱ የት ላይ እንደተሳሳቱ በእርሱ ያሳዩዋቸው።