ብዙ ስለኖረ «ነባሪ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ የሳይንስ መምህር ነኝ። ስለ ግሪንላንድ ሻርክ ለተማሪዎቼ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ይህ ዓሣ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። ነባሪ ማለት የሚኖር ስለሆነ «ዓሣ ነባሪ» ብዬ ብተረጉመው ያስኬዳል?

መልስ፦ መምህር፣ አያስኬድም። ጥያቄዎ ግን በጣም ደስ ብሎኛል፤ የቃሉን ታሪክ የሚያስነሳ ነውና።

«ነባሪ» ብቻውን ሲቆም እንዳሉት ነው፤ ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ነው። የ«ዓሣ ነባሪ» ሥር ግን ሌላ ነው። የጥንቱ ቃል «ዐንበሪ» ነው። በግእዙ ትንቢተ ዮናስ ነቢዩን የዋጠው ዐንበሪ ነው። በአማርኛው ማቴዎስ 12፥40 ደግሞ «ዓሣ አንበሪ» ተብሏል። ዐረብኛም «ዐንበር» አለው፤ ከዚሁ እንስሳ ሆድ የሚገኘው፣ ለሽቶ የሚፈለገው ነገር ስሙ እሱው ነው።

እስቲ ቶሎ ብለው «ዓሣ አንበሪ» ይበሉ። የ«ዓሣ» መጨረሻ የ«አንበሪ»ን «አ» ዋጠው አይደል? የተረፈው «ንበሪ» ለጆሮ ባዳ ነው። ሰው ከሚያውቀው «ነባሪ» ጋር ያዛመደው ለዚህ ይመስለኛል። ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም። ዛሬ ሁሉም የሚግባባበት ቃል ነው፤ ይጻፉት። ግን ለእንስሳው ብቻ።

ያ እንስሳ ደግሞ ጡት አጥቢ ነው። አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግልገሉን ያጠባል። ሻርክ በስንጥቡ የሚተነፍስ ዓሣ ነው። የግሪንላንዱማ ከ2,000 ሜትር በታች ድረስ የሚወርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት የሻርኩን ዕድሜ ለማወቅ የዓይኑን ሌንስ በካርቦን መርምሮ ነበር። ከተመረመሩት ትልቋ፣ አምስት ሜትር የምትሆነዋ፣ ቢያንስ 272 ዓመት ኖራለች።

እናንተ ሐይቅ ዳር ቆሮሶን አምባዛ ብሎ የሚሸጥ አለ? ሁለቱም ዓሣ ናቸው፣ ስማቸው ግን አይደባለቅም። ክፍልዎ ውስጥም የዮናስን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን፣ የዩኑስን ከቁርኣን ቤት የሰሙ ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ቁርኣን የዋጠውን «ሑት» ይለዋል። «ዓሣ ነባሪ» ሲሏቸው ሁሉም የሚያስቡት ያንን ነው። ሻርኩን በዚህ ስም ከጠሩት፣ ጡት ያጠባል ብለው ፈተና ላይ ቢጽፉ አይፈረድባቸውም።

«ሻርክ» ይበሉት፤ የለመድነው ቃል ነው። ዕድሜውን ማጉላት ካሰኘዎት «ዕድሜ ጠገቡ የግሪንላንድ ሻርክ» ቢሉ ያምርበታል።