የአውሮፕላን ሙዚየም ስትገቡ አትሩጡ

ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አውሮፕላን ስጠግን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እጄ አሁንም መፍቻ ይናፍቀዋል። ናፍቆቱ ሲብስብኝ የአውሮፕላን ሙዚየም እሄዳለሁ። እዚያ ብዙ ወጣቶች ሳይ ደስ ይለኛል። ሲጣደፉ ሳይ ግን ቅር ይለኛል። አንዱ ጋ ፎቶ፣ ሌላው ጋ ሰልፊ፣ በአንድ ሰዓት ሃምሳ አውሮፕላን ጨርሰው ይወጣሉ።

እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚሁ ነበርኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ሙዚየም ውስጥ ስሯሯጥ አንድ ሽማግሌ አስጎብኚ አስቆሙኝ። ጎኑ ተከፍቶ ለእይታ የተቀመጠ የድሮ ሞተር ፊት ወሰዱኝና፣ "ዘይቱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አግኝልኝ" አሉኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ቀን ጉብኝት ዛሬም ዓይኔ ላይ ያለው ያ ሞተር ብቻ ነው። እናንተም አንድ አውሮፕላን ምረጡና እሱ ጋ ቆዩ። የሠሩት ሰዎች እጅ የት የት እንዳረፈ ፈልጉ።

ዋሽንግተን ባለው ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም፣ በሞተር የሚበር አውሮፕላን በመሥራት ቀዳሚ የሆኑት የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን አለ። ዲሴምበር 17 ቀን 1903 የበረረው እሱ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ ቆየ፤ የተጓዘው ርቀት 36 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ሁሉ ክንፉን ያያል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ሞተሩን ነው። ወንድማማቾቹ የሚፈልጉትን ቀላል ሞተር የሚሠራላቸው ፋብሪካ አጡ። የብስክሌት ሱቃቸው መካኒክ ቻርሊ ቴይለር በቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን) እና በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን)፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሠራላቸው። 12 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ክብደት እንዲቀንስ የሞተሩን ቤት ከአሉሚኒየም አሠሩት። የቴይለርን ስም የሚያውቅ ጎብኚ ጥቂት ነው። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ግን እንግሊዝ ውስጥ፣ ለንደን ኮልኒ ባለው የዲ ሃቪላንድ ሙዚየም የሚገኘው የኮሜት አካል ነው። ኮሜት በ1952 መንገደኛ ማመላለስ የጀመረ የመጀመሪያው የጄት አውሮፕላን ነው። መስኮቶቹን ልብ ብላችሁ እዩ፤ አራት ማዕዘን ናቸው። ዛሬ የምትሳፈሩበት ጄት መስኮት ጥግ ግን ክብ ነው። በ1954፣ በሦስት ወር ውስጥ፣ ሁለት ኮሜቶች አየር ላይ ተበታተኑ። የተሳፈሩት ሁሉ አለቁ።

መርማሪዎቹ አንድ ሌላ ኮሜት ወስደው ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ከተቱት። ውስጡንም ውጪውንም ውሃ ሞሉት። ከዚያ የውስጡን ግፊት ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ከሺህ ጊዜ በላይ እንደበረረና እንዳረፈ ያህል አንገላቱት። ለምን በአየር አላደረጉትም? የታመቀ አየር ብረቱ ሲቀደድ እንደ ቦምብ ይፈነዳል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ውሃ እንደዚያ አይታመቅም፤ ስለዚህ ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ማየት ይቻላል። በመጨረሻም አካሉ ተቀደደ። ብረቱ ዝሎ ነበር። ሽቦ ወዲያ ወዲህ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ጫናው የሚበረታው መስኮትና መክፈቻ ጥግ ላይ፣ ሪቬት (ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያያይዝ ምስማር) እና ብሎን በገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ነው።

እኔ በሥራ ዘመኔ ባትሪ ይዤ የበርና የመስኮት ጥግ ላይ ስንጥቅ ስፈልግ የኖርኩት በዚያ እውቀት ነው። የተገኘው ሰው ሞቶበት ነው። እዚያ አካል አጠገብ ስቆም ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

በዚያው ሙዚየም የሞስኪቶ የመጀመሪያው ናሙናም አለ። በ1940 የበረረ፣ ከእንጨት የተሠራ የጦር አውሮፕላን ነው። ሞስኪቶን ከሠሩት መካከል የቤት ዕቃ አናጢዎች ነበሩበት። ማጣበቂያውንና ስስ እንጨቱን ካያችሁ ይበቃችኋል።

እንግዲህ ስትሄዱ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ከፎቶ በፊት በእርሳስ ሞክሩት፤ ሥዕል ባትችሉም ግድ የለም፣ ዓይናችሁን እጃችሁ ያስተምረዋል። ጎንበስ ብላችሁ ጎማው በበረራ ጊዜ ታጥፎ የሚገባበትን ጉድጓድ እዩ፤ ቱቦውና ሽቦው ራቁቱን የሚገኘው እዚያ ነው። ቀለሙ የተለየ ቁራጭ ብረት ካገኛችሁ፣ ያ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንደተለጠፈ ጠይቁ። በነጻ የሚያገለግሉትን አረጋውያን ቀርባችሁ አናግሯቸው። አንዳንዶቹ የሚያሳዩአችሁን አውሮፕላን ራሳቸው አብርረውታል ወይም ጠግነውታል። አትንኩ ከተባላችሁ ደግሞ አትንኩ። የእጅ ላብ ጨው አለው፤ ያልተቀባ አሉሚኒየም ይበላል።

አንድ ከባድ ነገርም ልንገራችሁ። ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው የሙዚየሙ ሌላ አዳራሽ ኢኖላ ጌይ የተባለው አውሮፕላን ቆሟል። ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ነው። አሠራሩ ድንቅ ነው፣ አልክድም። ግን እሱ ፊት እየተሳሳቁ ፎቶ መነሳት አይገባም። ከታች የነበሩትን ሰዎች አስቡ። የአውሮፕላን ፍቅራችሁ ይህን ማሰብ የማይችል ከሆነ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

የመጨረሻውን ላውጋችሁ። ሲያትል ባለው የበረራ ሙዚየም ኮንኮርድ የተባለ የመንገደኞች ጄት አለ። ኮንኮርድ ከድምፅ ሁለት እጥፍ ሲፈጥን አካሉ ግሎ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። አብራሪዎቹ በሚቀመጡበት ኮክፒት ውስጥ፣ ከበረራ መሐንዲሱ የመሣሪያ ሰሌዳ ጀርባ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ የማይኖር ክፍተት ይከፈት ነበር። በ2003 የመጨረሻውን በረራ ሲያደርግ፣ የበረራ መሐንዲሱ በዚያ ክፍተት ቆቡን ሰካበት። አውሮፕላኑ ሲቀዘቅዝ ብረቱ ተመልሶ ቆቡን ቆለፈበት። ያ ክፍተት ዳግም አልተከፈተም፤ ቆቡም እዚያው ተቆልፎ ቀረ።