ቁፋሮው ሳይጀመር ውሃችሁን አስለኩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ «ማዕድን አውጪ ኩባንያ ወንዝ በከለ ሲባል ማስረጃ ማምጣት ያለበት ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

ያኔ የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ወጣት ኬሚስት ነበርኩ። ከአንድ ወርቅ ማውጫ በታች የሚኖሩ እናት በዘይት ጠርሙስ ውሃ ይዘው መጡ። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ከጠርሙሱ ሥር ግን ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ዝቃጭ ተኝቷል። «ልጄ፣ ይሄን ልጆቼ ይጠጡት?» አሉኝ። ለካሁት። የአርሴኒኩ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 10 ማይክሮግራም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አርሴኒክ ቀለምም ጣዕምም የለውም። ብርቱካናማው ብረት ነው። ድኝ ያለበት ድንጋይ ተፈልፍሎ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጠራል። አሲዱ ብረቱንም አርሴኒኩንም እያሟሟ ይዞ ይወርዳል።

ጉዳዩ ክርክር ላይ ደረሰ። የኩባንያው ባለሙያ «ጠርሙሱ የዘይት ነው» ብሎ ጣለው። በንጹህ ዕቃ ሄደን ቀዳን፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ቀጥሎ «ማዕድኑ ከመከፈቱ በፊት አርሴኒኩ እንዳልነበረ በምን ታውቃላችሁ?» አለን። ዝም አልን። ወርቅ ባለበት ድንጋይ ውስጥ አርሴኒክ በተፈጥሮም ስለሚገኝ ጥያቄው ማምታቻ ብቻ አልነበረም። ከቁፋሮው በፊት ግን ያንን ወንዝ የለካ አንድም ሰው የለም። ክርክሩ እዚያው ላይ ሞተ። እናትየዋ በር ላይ ጠብቀውኝ «ታዲያ ለክተኸው የለም እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወርቁን ከድንጋዩ ለመለየት ስለሚጠቀሙበት መርዝ፣ ስለ ሲያናይድ፣ ብዙ አልላችሁም፤ እሱን ሁሉም ይፈራዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሩማንያ ውስጥ ባያ ማሬ ላይ ሲያናይድ ያለበት የወርቅ ማውጫ ፍሳሽ የያዘ ግድብ ተደርምሶ ቲሳ ወንዝ ድረስ ዓሣ ጨርሷል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ አሲዱ ነው። ኩባንያው ዘግቶ ከሄደ በኋላም ይፈስሳል።

የዛሬ ልጆች ደፋሮች ናችሁ፤ እኛ እንዲህ አልነበርንም። ወንዝ ሲደፈርስ ቪዲዮው ወዲያው ይለቀቃል። ግን ትቸኩላላችሁ። ቀንና ቦታው ያልታወቀ ቪዲዮ ፍርድ ቤት አይቆምም። መጀመሪያ ቁጥር፣ ከዚያ ጩኸት።

እንዲህ እላለሁ እንጂ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ የቀደመው ጩኸቱ ነው። የሌምፓ ወንዝ እንዳይበከል ገበሬዎችና ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ታገሉ። ፈቃድ የተነፈገው ኩባንያ መንግሥትን ዓለም አቀፍ ግልግል ፊት ገትሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ተረታ፤ 8 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንዲተካም ተወሰነበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሀገሪቱ የብረታ ብረት ማዕድን ማውጣትን በሙሉ በሕግ ከለከለች። ስሰማ እንደ ልጅ ነበር የፈነደቅኩት። በ2024 መጨረሻ ምክር ቤቱ ሕጉን ሻረው። ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። አብዛኛውን ጊዜ ማስረጃ የሚጠየቀው ከሳሽ ነው። ስለዚህ ኩባንያ ሊመጣ ነው ሲባል፣ ከቁፋሮው ቦታ በላይም በታችም፣ በበጋም በዝናብም ቅዱ። ናሙናውን ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ኩባንያው ወደማይከፍለው ላቦራቶሪ ላኩ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቀዳውን ሰው ስም እዚያው ጻፉ። ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ተቀበሉ። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚቀዳ ውሃ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጠብ ይደረግበታል። ያለዚያ ብረቱ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይወጣላችኋል።