መልስ፦ እንግሊዝ ገጠር ድንኳን ስለመትከል
ወንድሜ፣ ካምፕሳይት ሳንከፍል ዝም ብለን ሜዳ ላይ ድንኳን ብንተክል ችግር አለው ወይ ላልከው፣ እንግሊዝና ዌልስ ባለመሬቱን ሳታስፈቅድ አይቻልም፣ ዳርትሙር (ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለ ብሔራዊ ፓርክ) ብቻ ነው ለየት የሚለው፣ እዚያ የመትከሉ መብትም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2025 ነው የጸናው (ሁሉም ቦታ ላይ ግን አይደለም፣ ካርታውን እይ)። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003ቱ ሕግ ይፈቀዳል፣ ሎክ ሎመንድ የሚባለው ሐይቅ አካባቢ ግን ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ፐርሚት የሚጠይቁባቸው ቦታዎች አሉ። ለእግር ጉዞ እንግሊዝ ውስጥ የሕዝብ የእግር መንገድ የምታመለክተውን ቢጫ ቀስት ተከተል፣ የገበሬው ማሳ መሃል ብትወስድህም መብትህ ነው፣ የማሳውን በር እንዳገኘኸው አድርገህ ተወው ብቻ። እኔ መጀመሪያ ስሄድ የፈራሁት ዝናቡን ነበር፣ ያሰቃየችኝ ግን ሃይላንድ (የስኮትላንድ ተራራማ አካባቢ) ላይ ሚጅ የሚሏት ትንኝ ናት፣ ጤፍ አታክልም ግን ቡናዬን እንኳን በሰላም አላስጠጣችኝም፣ ጁላይ ላይ ከሆነ የፊት መረብ ሳትይዝ እንዳትሄድ