«ለምን ፖሊስ ጋ አይሄድም?» እያሉ ላስቸገሩሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ምስጢሩን የያዘ ሰው እያስፈራራ ስለሚያስጨንቀው አንድ ተራ ሠራተኛ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፣ ያነበቡልኝ ሁሉ ግን «ለምን ፖሊስ ጋ ሄዶ አይገላገልም?» ይሉኛል፣ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። ይቺን ጥያቄ በደንብ አውቃታለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል በልታብኛለች።

የምዕራፍ አከፋፈል፣ የገጸ ባሕርይ አሳሳል ምናምን አልነግርሽም። እሱን ታውቂዋለሽ። «ፖሊሱን ሙሰኛ አድርጊው» የሚልሽም አይጠፋም፣ አትስሚው። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንባቢ «እሺ፣ ሌላ ፖሊስ ጋ ይሂዳ!» ብሎ ቁጭ ይላል።

1ኛ፦ ምስጢሩን ከአንባቢው አትደብቂ። እንደደበቅሽው አልጠራጠርም፣ ሁላችንም መጀመሪያ ላይ እንደብቃለን።

እኔ በጻፍኩት ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ሰውዬ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። አለቃው ሲያጣድፈው ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ ይፈርማል። ጉዱ ሲወጣ የታሰረው እሱ ሳይሆን አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ነው። እሱ ዝም አለ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ በኋላ የዚያኑ ጓደኛውን እህት አገባ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስልክ ይደወልለታል። ጥሩ ታሪክ ነው አይደል? እኔ ግን ይሄን ሁሉ የተናገርኩት ገጽ 280 ላይ ነው! እስከዚያ ድረስ «ያ ቀን»፣ «ያ ወረቀት»፣ «ያ ነገር» እያልኩ አንባቢውን ሳንከራትተው ነበር። መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ እንዲቀር ነበር ሐሳቤ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ጽፌ ጨርሼ ወደ አንድ አሳታሚ ወሰድኩት። ስሙ ይቅር። አራት ወር ሙሉ አመላለሱኝ። ስደውል «እየታየ ነው»፣ በአካል ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። አንድ ቀን እንግዳ መቀበያው ጋ ሁለት ሰዓት ካስቀመጡኝ በኋላ ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ሥር ፌስታል ጎትታ ረቂቄን አወጣችና «ይሄ ነው የእርስዎ?» አለችኝ። ደብዳቤ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ ቁጭ በል እንኳ ያለኝ ሰው የለም።

ቤቴ ገብቼ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። እስከ ገጽ 41 ድረስ ወረቀቱ ተነካክቷል፣ ጥግ ጥጉ ታጥፏል። ከ41 ወዲያ ያለው ግን ከፕሪንተር እንደወጣ ነው፣ ቅጠሉ ከቅጠል አልተላቀቀም። ገጽ 41 ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንዲት ቃል ተጽፋለች። «ፖሊስ?»

በቃ። የሁለት ዓመት ተኩል ሥራ መልሱ ይቺ ናት። ሰው እንዴት እንደዚህ ይደረጋል? አሁንም ባስታወስኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። ወራት ፈጅቶብኝ ነው እንጂ፣ በእርሳስ የጻፈው ሰውዬ ባለጌ ቢሆንም ልክ ነበር። እስከ ገጽ 41 ያነበበ ሰው ስለኔ ሰውዬ ምን ያውቃል? ስልክ ተደወለለት፣ አላበው፣ ባንክ ሄዶ ገንዘብ አወጣ። ፖሊስ ጋ ቢሄድ ምን እንደሚያጣ አያውቅም። የሚያጣውን ካላወቅሽለት ማንንም ሰው «ሂድና ክሰስ» ነው የምትዪው። እኔም እላለሁ።

ምስጢሩን ወደ ገጽ 9 አመጣሁት። ሌላውን ሳልነካ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ ትዕይንት አለኝ፤ ሰውየው ከሚስቱ ጋር እራት ላይ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቫይብሬት ያደርጋል። «ፊርማህ አሁንም ያምራል» ይላል መልእክቱ። ሚስቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልኩን አንስታ ትመለከታለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች፣ መብላቷን ትቀጥላለች። በድሮው ረቂቅ ይቺ ግማሽ ገጽ ለማንም ትዝ ብላው አታውቅም። አሁን ሴትየዋ የታሰረው ሰው እህት መሆኗን አንባቢ ያውቃል። አንድ ቃል አልቀየርኩም። ታናሽ እህቴ አንብባ በሌሊት ደወለችልኝ፣ «አየችው ወይስ አላየችውም?» አለችኝ። ፖሊስ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። በ1929 እ.ኤ.አ. የወጣ «ብላክሜይል» የሚባል የአልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም አለ፣ ድምፅ አልባ ሆኖ ተጀምሮ መሃል ላይ ወደ ድምፅ ፊልም የተቀየረ። ልጅቷ ሊደፍራት የሞከረውን ሰው በቢላ ትገድለዋለች። አስፈራሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ እኛ ሁሉን ካወቅን በኋላ። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ስለ ግድያው ስትለፈልፍ ከወሬው ሁሉ «ቢላ» የምትለው ቃል ብቻ እየጎላች ጆሮዋ ላይ ትወድቃለች። ምስጢሩን ባናውቅ ኖሮ ያቺ ሴት ተራ ወሬኛ ነበረች። የፖሊሱንም ጥያቄ እንዴት እንደዘጋው ተመልከቺ፤ የልጅቷ ፍቅረኛ ራሱ መርማሪ ፖሊስ ነው፣ ከሟቹ ቤት የልጅቷን ጓንት አግኝቶ የደበቀውም እሱ ነው። እንግዲህ ማን ጋ ሄዳ ትክሰስ?

2ኛ፦ አስፈራሪውን ገንዘብ ብቻ እያስጠየቅሽ አትቀጥዪ። የኔ ሰውዬ አራት ጊዜ ከፈለ። አራት ምዕራፍ ሙሉ! እውነት ነው፣ አንዴ የከፈለ ሰው የሚከፍል መሆኑን አሳይቷልና አስፈራሪው ተመልሶ ይመጣበታል። መጽሐፍ ውስጥ ሲደጋገም ግን እንቅልፍ ነው። እህቴ ሦስተኛው ክፍያ ላይ ተኝታለች፣ የመጽሐፍ ምልክት አድርጋ እንኳ አይደለም። ደግሞ በባንክ የተላከ ገንዘብ ስም ጥሎ ያልፋል። በእውነተኛው ዓለም ያሉት አስፈራሪዎች የስጦታ ካርድ ቁጥርና ክሪፕቶ የሚባለውን የኢንተርኔት ገንዘብ የሚወዱት ለዚህ ነው፣ አንባቢም ይሄን ያውቃል።

ስለዚህ ሦስቱን ክፍያ ሰረዝኩና በምትኩ ትንሽ ውለታ አስጠየቅኩት። «ነገ ማታ የመጋዘኑን የኋላ በር ለአሥር ደቂቃ ሳትቆልፍ ተወው።» ይኸው ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ ሰውየው ሁለት ምስጢር አለው፣ ሁለተኛውን የሰጠው ራሱ አስፈራሪው ነው። አሁን በእውነትም ፖሊስ ጋ ቢሄድ ራሱን ይዞ ነው የሚሄደው። እዚህ ጋ ስደርስ ከወንበሬ ተነስቼ ቤቱ ውስጥ ተንጎራድጃለሁ፣ አልዋሽሽም።

3ኛ ልልሽ ያሰብኩት አስፈራሪውም ይፈራል የሚለውን ነበር። ምስጢሩን ያወጣው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፣ ሌላ የሚሸጠው ዕቃ የለውም። በብዙ አገር ሕግ ደግሞ አንድን እውነት መናገር ብቻውን ላያስቀጣ ይችላል፣ ገንዘብ መጠየቅም ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ «ካልከፈልክ እናገራለሁ» ብለሽ ሁለቱን ያገናኘሽ ጊዜ ነው ወንጀል የሚሆነው። ስለዚህ እሱም ፖሊስ ይፈራል። እኔ ይሄን ዘግይቼ ስላገኘሁት መጨረሻው ላይ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት። አንቺ ከመሃል ጀምሪው።

በነገራችን ላይ፣ ልብ ወለድ ነው እያልሽ የራስሽን ጉዳይ እየጠየቅሽ ከሆነ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ እርሺው። አትክፈዪ፣ መልእክቶቹን አታጥፊ፣ የላከበትን ስምና ሰዓት ስክሪንሹት አንሺ፣ ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ ተናገሪ፣ ከዚያ ቀጥ ብለሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ። አስፈራሪ የሚያገኘው አቅም በሙሉ አንቺ ብቻሽን በመሆንሽ ነው። ካልሆነ ይቅርታ፣ ይቺን ሳልጽፍ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው።

ሁለተኛው አሳታሚ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደውሎ «እናትመው» አለኝ። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ያዝኩና ወደዚያኛው ቢሮ ሄድኩ። ገጽ 41 ላይ እርሳስ ሰክቼ ለልጅቷ ሰጠኋት። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ።

ያንቺ ምስጢር ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የሚወጣው? መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ።